ስለ አሮጌ አቶሞቢል የፊት መብራት

በቤቱ ከአባት የተወረሰ አሮጌ አቶሞቢል ያለው ሰው ሌላው ሁሉ ቢደክምበት ታግሦ ይነዳዋል፤ የፊት መብራቱ የደከመበት እንደሆነ ግን ፀሐይ ከገባች በኋላ ከደጁ ሊያወጣው አይገባም። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ በምሽት የሄደ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በዚያ መንገድ ከመሸም በኋላ ከገበያ የሚመለስ ሰው፣ ጭነት ያለበት አህያ፣ ወደ በረት የዘገየ በሬ አይታጣም፤ ከነዚህም መብራት ያለው አንድ ስንኳ የለም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አቶሞቢል በአንዲት ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጂው አህያይቱን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬኑ እስኪያዛውር አንድ ሰከንድ ቢያልፍ፣ አሮጌውም ፍሬን በጠጠር ላይ ጎማውን ይዞ እስኪያቆም ሌላ 25 ሜትር ቢወስድ፣ የደከመው መብራት ደግሞ 30 ሜትር ብቻ የሚያሳይ ቢሆን፣ የቀረውን ሒሳብ አንባቢያችን ራሱ ይጨርሰው።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከጅቡቲ እየነዳ አቶሞቢል ባመጣ ጊዜ፣ በዚያ ዘመን አብዛኞቹ አቶሞቢሎች የሚያበሩት በላምባ ወይም ካርባይድ የተባለው ድንጋይ ውሃ ሲነካው ከሚያወጣው ጋዝ ነበረ። መብራት ቢጠፋ ክብሪት መጫር ይበቃ ነበር። ካዲላክ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1912 እ.ኤ.አ. አቶሞቢሎቹን ከነኤሌክትሪክ መብራታቸውና ከነማስነሻቸው ማውጣት ከጀመረ ወዲህ ግን ነገሩ ረቀቀ፤ የሚበላሸውም ነገር ከዐይን ተሰወረ።

ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወጥቶ መብራቱን ካበራ በኋላ ተመልሶ ወደ ባትሪው ካልገባ ሥራ አይሠራም። መውጫ መንገዱ ሽቦ ነው፤ መመለሻ መንገዱ ግን በአብዛኛው የአቶሞቢሉ የብረት ገላ ነው። የጋራዥ ሰዎች ይህን መመለሻ ከጣልያንኛ ወስደው «ማሳ» ይሉታል። ብዙ ሰው መውጫውን እየመረመረ መመለሻውን ይረሳል፤ በአሮጌ አቶሞቢል ላይ ግን እጅግ ብዙው ጥፋት የሚገኘው በመመለሻው ነው።

የጥፋቱን ምንጭ ስለ መፈለግ ከዳኝነት ልማዳችን ሁለት ነገር ትዝ ይለናል። በድሮ ዘመን ሌባ ሻይ በሚባለው ልማድ መድኃኒት የጠጣ ብላቴና እየሮጠ ሄዶ በወደቀበት ቤት ባለቤቱ ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። አፈርሳታ ግን የአገሩን ሰው በአንድ ስፍራ ሰብስቦ እያንዳንዱን በተራ የሚጠይቅ ነበር። መብራት ደከመ ሲሉት ሳይመረምር አምፖል የሚለውጥ ሰው ሥራው የሌባ ሻይ ሥራ ነው።

ይህንም በቢቸና በአንድ ቤት አይተናል። የቤቱ እመቤት ከሟቹ ባለቤታቸው የቀረላቸው አሮጌ ላንድሮቨር አለ። በጥር ወር የልጃቸው ሠርግ በሞጣ ነበረና ሚዜዎቹ በምሽት ሊሄዱበት ታሰበ። የግራው የፊት መብራት ግን ከጧፍ የማይሻል ሆነ። ሦስት ጊዜ ከአዲስ አበባ አዲስ አምፖል ተገዝቶ መጣ፤ ሦስቱም ያው ሆኑ። በመጨረሻ የተጠራው ወጣት ሠራተኛ አስቀድሞ የግራውን አምፖል አውጥቶ ከቀኙ ጋር አለዋወጠው። የግራው አምፖል በቀኝ በኩል ደኅና አድርጎ በራ፤ ስለዚህ ከክሱ ነጻ ወጣ። ቀጥሎ ፍሬቻውን ቢያበራው፣ የግራው የፊት መብራት ከፍሬቻው ጋር አብሮ መለስ ቀለስ አለ። ይህ እጅግ የታመነ ምስክር ነው፤ ኤሌክትሪኩ የገዛ መመለሻው ሲዘጋበት በጎረቤቱ አምፖል በኩል ወደ ቤቱ ለመግባት እንደሚታገል ያስረዳልና።

ወጣቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ትርፍ ሽቦ አምጥቶ አንዱን ጫፍ በመብራቱ ማሳ ላይ፣ ሁለተኛውን ከሻንሲው ጋር በተያያዘው የባትሪ ጫፍ ላይ ቢያደርገው መብራቱ ቦግ አለ። የማሳው ብሎን ሲፈታ ሥሩ በነጭ ዱቄት ተሸፍኖ ተገኘ። የላንድሮቨር ገላ በአብዛኛው የአሉሚኒየም ቅልቅል፣ ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ ሁለቱ በሚገናኙበት የክረምት እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ እየተበላ እንዲህ ያለ ዱቄት ያወጣል። ስፍራውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፍቆ፣ ብሎኑን አጥብቆ፣ በላዩ ግራሶ ቀባበት። «እሜቴ፣ አምፖሉ ምንም አላጠፋም፤ የከዳን ማሳው ነው» አላቸው። እመቤቲቱም «እንግዲያው እነዚያ ሦስቱ ለትርፍ ይቀመጡ እንዳልል፣ ልጄ፣ የልጅ ልጆቼ ተጫውተውባቸው ሰብረዋቸዋል» አሉ።

መለኪያ ያለው ሰው ሥራው ይቀልለታል። መብራቱን አብርቶ ከመብራቱ ማሳ እስከ ባትሪው ማሳ ሲለካ ከግማሽ ቮልት በላይ ካገኘ መመለሻው ታሟል ማለት ነው። ለ12 ቮልት የተሠራ አምፖል 10 ቮልት ብቻ ቢደርሰው ብርሃኑ ወደ ግማሽ ይወርዳልና ሁለት ቮልት ጥቂት ነው ብሎ መናቅ አይገባም። በባለ 6 ቮልት አቶሞቢል፣ ይኸውም ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በፊት በተሠሩት ቮልስዋገኖች፣ ነገሩ ይብሳል። ለዚያው ብርሃን እጥፍ አምፔር ስለሚያስፈልጋቸው ትንሽ ዝገት ብዙ ብርሃን ይበላባቸዋል።

ሁለቱም መብራቶች እኩል የደከሙ እንደሆነ ምርመራው ወደ ባትሪውና ወደ ዲናሞው ይመለስ። ሞተሩ ሲፈጥን የሚደምቅ፣ ሲቆም የሚፈዝ መብራት በባለ ዲናሞ አቶሞቢል ልማዱ ነው፤ ከመጠን ያለፈ ከሆነ ግን ቺንጋው ላልቶ እንደሆነ ይታይ። ረዥሙ በርቶ አጭሩ የሚጠፋበት ሰው በነጂው ግራ እግር ሥር ያለውን መለወጫ ይመልከት፤ የቢቸና መረሬ በጫማ ገብቶ የሚከማቸው በዚያ ነው። አምፖል ቶሎ ቶሎ የሚቃጠልበት ደግሞ የዲናሞው መቆጣጠሪያ ከልክ በላይ እየሰደደ ይሆናል፤ አለዚያም የመብራቱ ቤት ላልቶ በመንገዱ ንቅናቄ ጅማቱ እየተበጠሰ ነው።

እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩት ላንድሮቨሮች ማሳቸው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው። ተራው አምፖል ለዚህ ግድ የለውም፤ የዛሬ ዘመን ኤልኢዲ መብራት ግን ተገልብጦ ሲታሰር ላይበራ፣ ሊበላሽም ይችላል። ደግሞም በብዙዎቹ የፊት መብራቱ ሽቦ በፊውዝ አያልፍም። ሁለት ባለ 45 ዋት አምፖሎች 7 ተኩል አምፔር ሲስቡ፣ ሁለት ባለ 100 ዋት 17 አምፔር ገደማ ይስባሉ፤ ስለዚህ ለድምቀት ብሎ ባለ 100 ዋት ያስገባ ሰው የአሮጌውን ማብሪያ ልብ ያቃጥላል፤ ሽቦውም ሲግል እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ድምቀት የሚፈልግ ሪሌና ወፍራም ሽቦ ከፊውዝ ጋር ያስገባ። የተቃጠለን ፊውዝ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት መጠቅለልም ከዚሁ ዓይነት ሥራ የሚቆጠር ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያስታውሰው አንድ ነገር ቀርቶናል። አገራችን ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተዛወረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የመጣ አቶሞቢል የፊት መስታወቱ ካልተለወጠ፣ አጭሩ መብራት ወደ ግራ ዳር እንዲያዘነብል ሆኖ የተሠራ ነው፤ ዛሬ ግን በግራ በኩል የሚመጣው ሌላው ነጂ ነው። መብራቱ ደምቆ ሳለ ከፊት የሚመጣው ሁሉ በብልጭታ የሚቈጣበት ሰው ይህን ይመርምር። መስታወቱ ደኅና ከሆነ፣ አቶሞቢሉን በደልዳላ ስፍራ ከግድግዳ 10 ሜትር አርቆ ያቁመውና የመብራቱን እምብርት ከፍታ በግድግዳው ላይ በጠመኔ ያስምር፤ የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ከመስመሩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እስኪያርፍ ድረስ የመብራቱን ብሎኖች በካቻቢቴ ቀስ አድርጎ ያዙር። ይህን ሲያደርግ በኋለኛው ወንበር የሚቀመጡት ሰዎች ይኑሩበት፤ ባዶውን የተስተካከለ መብራት ቤተሰቡ ሲሳፈር ወደ ሰማይ ያያልና።