የነጭ ጨርቅ ጥላ

ሸደር የስደተኞች ጣቢያ ላሉ ወጣቶች ሥዕል ሳስተምር ከቦርሳዬ የማይጠፋ ኅትመት አለ፦ የበርት ሞሪዞ «የሕፃን አልጋ»። ሞሪዞ በ1872 እ.ኤ.አ. በዘይት ቀለም የሣለችው ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በኢምፕሬሽኒስቶች የመጀመሪያ ዐውደ ርዕይ ላይ ቀረበ፤ ዛሬ ፓሪስ፣ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። በሥዕሉ ላይ ያለችው እናት የሠዓሊዋ እህት ኤድማ ናት። በግራ እጇ ጉንጯን ደግፋ የተኛች ልጇን ታያለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ተማሪዎቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ምን ሆና ነው ያዘነችው?» ብለው ነው። አልፈርድባቸውም። ጣቢያው በ2000 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ያደጉ ልጆች ናቸው፤ የሚያውቁት የስደተኛ ሴት ፎቶ ወይ ጀሪካን ይዛ፣ ወይ ራሽን ተሰልፋ ነው። ቁጭ ብላ ያረፈችን ማን ያነሳል?

ስለዚህ ፊቷን ትተው ጨርቁን እንዲያዩ አደርጋለሁ። አልጋው ላይ የተጋረደው ስስ መጋረጃ ከሩቅ ነጭ ነው። ቀረብ ሲሉት ግን ንጹሕ ነጩ ጥቂት ነው፤ የቀረው፣ ማለትም ጥላው፣ ፈዛዛ ሰማያዊና ግራጫ፣ ጠርዙ ደግሞ ሮዝ ነው። ሕፃኗ ከጀርባው ብዥ ብላ ትታያለች። ጀማሪ ጥላ ሲባል እጁ ወደ ጥቁሩ ቱቦ ይሄዳል፤ ነጭ ከጥቁር ሲደባለቅ ደግሞ ጨርቁ አመድ ይሆናል። (ሞሪዞ ጥቁር ትፈራ ነበር ማለቴ አይደለም፤ የኤድማን ቀሚስ ማየት ይበቃል።)

ለዚህ ትምህርት ሸደር ይመቻል፤ ስስ ድሪያ የለበሰች ሴት የሌለችበት ቤት የለም። አንዲት ተማሪዬ «ኤዶ፣ ልሳልሽ?» ብላ አክስቷን ጠየቀች። «ፊቴን ካልነካሽ» አለቻት። ክልከላው ልጅቷን ጠቀማት። አክስትየው በሩ ሥር ሻሂዋን ይዛ ተቀመጠች፤ ልጅቷ የአንገቷን ዘንበል ማለት፣ ብርጭቆው ላይ የላሉ ጣቶቿን፣ ጉልበቷ ላይ የተጣለውን ድሪያ ሣለች። ማረፏ ከትከሻዋ ይታወቃል።

የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየሩ ኦክስጅን ወስዶ እስኪጠነክር ቀናት ይፈልጋል። የሸደር አቧራ ግን አይታገስም። ስለዚህ የልጅቷን ሸራ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዘንብለን አቆየነው።

ሲደርቅ አክስትየው መጥታ አየችውና ተቆጣች። «ድሪያዬ ነጭ ነው፤ ይሄ ሰማያዊ ከየት መጣ?» ልጅቷ እጇን ይዛ ወደ በሩ ወሰደቻት፣ ድሪያዋን ከብርሃኑ ፊት ዘረጋችላት። ክርክሩ ረጅም ነበር። እኔ ጣልቃ አልገባሁም።