በ2 እና በ3 መካከል

ሻሸመኔ ገበያ ላይ ጎመን ብርቅ አይደለም። የደም መርጋት መከላከያውን ዋርፋሪን የሚወስድ ታካሚ ግን ብዙ ጊዜ “ጎመን ክልክል ነው” ተብሎ ይወጣል። ይህ ምክር ግማሹ ብቻ ነው እውነት።

በአንድ ዓይነት የልብ ምት መዛባት የላይኛው የልብ ክፍል በሥርዓት መምታቱን ትቶ ይርገፈገፋል። እዚያ የተኛ ደም ይረጋል፤ የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ዋርፋሪን ይህን አደጋ በሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። የሚሠራውም ጉበት በቫይታሚን ኬ እየታገዘ የሚያመርታቸውን ደም አርጊ ፕሮቲኖች በማሳነስ ነው። ጎመን በዚሁ ቫይታሚን የበለጸገ ስለሆነ በድንገት ሲበዛ መድኃኒቱ ይደክማል፣ በድንገት ሲቀር ይበረታል። በሳምንት ሦስት ቀን ጎመን የለመደ ሰው እንደዚያው ይቀጥል፤ ሐኪሙ መጠኑን በዚያው ልክ ያስተካክልለታል። ጣጣው በሁዳዴ በየቀኑ በልቶ ለፋሲካ ጨርሶ መተው ላይ ነው።

መቆጣጠሪያው አይ ኤን አር የሚባለው የደም ምርመራ ነው። ለአብዛኞቹ እነዚህ ታካሚዎች የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው፤ ከዚያ በታች መርጋት፣ በላይ መድማት ያሰጋል። ከኮፈሌ በየ30 ቀኑ ለቀጠሮ ሻሸመኔ የሚመጣ አንድ ታካሚ እናስብ። ውጤቱ መጀመሪያ 1.6፣ ቀጥሎ 2.4፣ ከዚያ 3.6 ሆነ። የመካከለኛው ቀን “ደህና ነህ” ይባላል። ቁጥሩ ከአንዱ ምርመራ እስከ ቀጣዩ በየቀኑ በእኩል እየጨመረ ሄደ ብለን ካሰላን ግን ከ60ው ቀን በልኩ ላይ የቆየው 30ውን ብቻ ነው፤ ማለትም 50 በመቶ። ጥሩ ቁጥጥር የሚባለው ቢያንስ ከ65 እስከ 70 በመቶ ሲደርስ ነው። እኔ ብሆን በካርዱ ላይ ከመጨረሻው ውጤት ይልቅ ይህን መቶኛ ነበር በጉልህ የምጽፈው።

“ታዲያ ያለ ምርመራ የሚወሰዱት አዲሶቹ መድኃኒቶችስ?” ለብዙዎች ይሆናሉ። በልጅነት ሳይታከም የቀረ የቶንሲል ሕመም ዘግይቶ የልብ ቫልቩን ላጠበበበት ሰው ግን አይደለም፤ በአገራችን ደግሞ ይህ ዓይነቱ ታካሚ ብዙ ነው። በ2022 በ24 አገሮች ሩማቲክ የሚባለው ይህ የልብ ሕመም ያለባቸው ከ4,500 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ኢንቪክተስ የተሰኘ ጥናት ይፋ ሆኖ ነበር። ከአዲሶቹ አንዱ ከሆነው ከሪቫሮክሳባን ይልቅ ዋርፋሪንና ቢጤዎቹን በወሰዱት ዘንድ ሞት አነሰ።

ከጎመን ይልቅ የሚያስፈራው ከመድኃኒት ቤት በራስ ተገዝቶ ለአሜባ የሚዋጠው ሜትሮኒዳዞል ነው፤ አይ ኤን አርን በቀናት ውስጥ ሽቅብ ይሰደዋል። የሳንባ ነቀርሳው ሪፋምፒሲን ተቃራኒ ነው፤ ቁልቁል ስለሚያወርደው ሐኪሙ ዋርፋሪኑን ይጨምራል። የነቀርሳው ሕክምና ሲያልቅ የሪፋምፒሲን ጫና በሳምንታት ውስጥ ይለቃል፣ የተጨመረው ዋርፋሪን ግን እዚያው አለ። ስለዚህ የነቀርሳ መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው በእነዚያ ሳምንታት የወር ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ቶሎ ቶሎ መመርመር አለበት።