መርከበኛ እጮኛ ያላት ሁሉ ይህን ታንብብ!

«መርከበኛ በየወደቡ ሚስት አለው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔን ጠይቁኝ! የመርከበኛን ፍቅር የሚያናጋው ብዙ ጊዜ የወደብ ሴት ሳትሆን ሰዓት ነው።

አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር በር ባይኖራትም መርከበኛ አላጣችም። እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ፣ በ2011 ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ ሥራውን በጅቡቲ በኩል ቀጥሏል። ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ ያለው የማሪታይም አካዳሚ ደግሞ የምህንድስና ምሩቃንን እያሠለጠነ በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ ያስቀጥራል። ልጆቹ ዶላር ያገኛሉ፤ ሰፈሩም ያማቸዋል!

እዚሁ ኮልፌ፣ አየር ጤና አካባቢ አንድ መርከበኛ አለ። እጮኛው እሱ ባሕር ላይ እያለ «ሦስት ቀን ሙሉ ድምፁን አጠፋ። ሌላ ይዟል!» ብላ ቀለበቷን ለቤተሰቦቹ ልትመልስ ደርሳ ነበር። ለዕረፍት ሲመጣ ጉዱን ጠየቅኩት።

«የቱ ወደብ ነው የምታወሪው?» አለኝ እየሳቀ። ኮንቴይነር የጫነች መርከብ ወደብ ላይ የምትቆየው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሁለት ቀን አይበልጥም። ያኔም ነዳጅ ይሞላል፣ መለዋወጫ ይገባል፣ ተቆጣጣሪ ይመጣል። የሞተር ክፍል ሠራተኛ መሬት ሳይረግጥ ጉዞው ይቀጥላል።

ከጅቡቲ ቻይና ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። መርከቧ በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደች፣ ሌት ተቀን ሳትቆም በቀን 620 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች። እሱ ተረኛ የሚሆነው ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት፣ እንደገና ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ነው። እንቅልፉ ለሁለት ይከፈላል። ሞተር ክፍሉ ከ40 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ጆሮ ሳይሸፍኑ አይገባበትም። አትክልቱ በሁለተኛው ሳምንት ያልቃል፤ ከዚያ ሩዝ፣ አሁንም ሩዝ! ለጾም ቀን እናቱ የቋጠረችለት ሽሮ ባይኖር ምን ሊውጠው ነበር?

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። መርከቧ ወደ ምሥራቅ ስትሄድ በየ15 ዲግሪው ሰዓቷ አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል። ቻይና ስትደርስ ከእኛ በ5 ሰዓት ትቀድማለች። ልጅት አየር ጤና ሆና ማታ በ3 ሰዓት ስትደውል እሱ ዘንድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ማሽን ሥር ነዋ! እነዚያ ሦስት ቀናትስ? የተመደበችለት ኢንተርኔት አልቃ ነበር። አለቀ!

ይህ የብረት መርከብ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሸራ ጀልባ አትላንቲክን የሚሻገሩ ባልና ሚስት ፈረንጆችም ሌሊቱን ተራ በተራ ስለሚጠብቁ አንዱ ሲነቃ ሌላው ይተኛል። በአንዲት ጠባብ ጀልባ ላይ ሆነው ይነፋፈቃሉ!

ሕጉንም እወቁት። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት ደግሞ 77 ሰዓት ዕረፍት ይደነግጋል። ከታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጸናው ማሻሻያ ደግሞ የመርከብ ባለቤቶች በተቻለ መጠን ኢንተርኔት እንዲያቀርቡ ይላል። «በተቻለ መጠን» መባሉን ልብ በሉ!

እህቴ፣ እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? ከመሄዱ በፊት ተረኛ የሚሆንበትን ሰዓትና ኮንትራቱ ስንት ወር እንደሆነ ጠይቂው፤ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ከመደወል ይልቅ የድምፅ መልእክት ላኪለት፤ ሲነቃ ይሰማዋል። ትልቅ ጠብ ካለሽ ለወደብ ወይም ለዕረፍት አቆይው። እዚህ ያለ ሰው ቢናደድ ወጥቶ ቡና ይጠጣል፣ ጓደኛውን ያማክራል። እሱ ግን ከዚያች መርከብ የት ይወጣል? በዚያ ንዴት ነው ማሽን ሥር የሚገባው።

አንተም ወንድሜ፣ «ታውቀኛለች» ብለህ አትተኛ። ኢንተርኔትህ ሊያልቅ ሲል «እስከ ሐሙስ አልገኝም፣ ደህና ነኝ» በላት። ከአንድ መስመር አትበልጥም፤ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ግን ታድናለች።