«ዲናሞው ሞቷል» ከመባሉ በፊት

ከግልገል በለስ ወደ ማንቡክ እየተጓዝን ነበር። መግሪብ አልፎ ጨለማው ወፍሯል። የጎረቤታችን አሮጌ ላንድክሩዘር ከኋላው ሰሊጥ፣ ከፊቱ እኛን ጭኗል። በመጀመሪያ የፊት መብራቱ ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎ የጥሩምባው ድምፅ ቀጠነ፤ በመጨረሻም መንገዱን በእጅ ባትሪ እየመራን ተጓዝን። የባትሪ ሥዕል ያለባት የማስጠንቀቂያ መብራት አንዴም አልበራችም። አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ገባን።

በማግስቱ አንድ ባለሙያ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት አየና «ዲናሞው ሞቷል፤ ሙሉውን መቀየር ነው» አለ። የጠራው ዋጋ ለልጅ ኒካሕ የተቀመጠውን ገንዘብ የሚነካ ነበር። ጎረቤታችን «ኡስታዝ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ምን ይሻላል?» ሲለን አስተምረነው የነበረና አሁን የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ወጣት አስጠራን። እርሱም ምንም ሳይፈታ በፊት ቴስተሩን ባትሪው ላይ አሳረፈ።

ውድ አንባቢያን፣ የ12 ቮልት ባትሪ በደንብ ከተሞላ ሞተሩ ቆሞ ሳለ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲነሳ ወደ 14 ከፍ ሊል ይገባል፤ በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.5 ነው። ሁለት ባትሪ ላላቸው የ24 ቮልት መኪናዎች 28 አካባቢ ነው። ቁጥሩ ካልጨመረ ዲናሞው አይሞላም፤ ከ15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ መቆጣጠር አቅቶታል፣ ባትሪውም ይፈላል። በእኛ መኪና የታየው 11.8 ነበር።

ዛሬ ዲናሞ የምንለው በትክክለኛ ስሙ አልተርኔተር ነው። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1960 በቫሊያንት መኪናው ላይ ካስገባው በኋላ የድሮውን ዲናሞ እየተካ ሄደ፤ በጋራዦቻችን ግን ስሙ እንዳለ ቀረ። በመካከሉ የሚሽከረከረው ሽቦ ማግኔት እንዲሆን ጥቂት አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ይህንኑ የሚያደርሱለት በስፕሪንግ እየተገፉ በሁለት የመዳብ ቀለበቶች ላይ የሚንሸራተቱት ሁለት ካርቦኖች ናቸው። ሬጉሌተሩ ደግሞ ቮልቴጁን እየለካ ለማግኔቱ የሚሄደውን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ከማንቡክ አልፎ ጉባ ላይ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ጄኔሬተሮችም ማግኔታቸው እንዲሁ በልክ ይመገባል። ልዩነቱ የመጠን ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ወጣቱ መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ፈታ። ከዲናሞው ጀርባ ያለው ወፍራም ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ ስለሚመጣ፣ ነጌቲቩ ሳይፈታ ቁልፉ ቦዲ ከነካ እሳት ይነሳል። ዲናሞውን ሲከፍተው አንደኛው ካርቦን አልቆ ቀለበቱን መንካት አቁሟል፤ ሁለተኛውም ዘይት ጠጥቷል። በብዙ የናፍጣ ቶዮታዎች ለፍሬን የሚያግዘው የቫኪዩም ፓምፕ በዲናሞው ጀርባ ላይ ነው የታሰረው። የዘይት መከላከያው ጎማ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ካርቦኖቹ ይሾልካል። ጎማው ሳይቀየር ካርቦን ብቻ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው።

ቀለበቶቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጸዳና ለካቸው። በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ጥቂት ኦም ሊነበብ፣ በቀለበትና በዘንጉ መካከል ግን ምንም መገናኘት ሊኖር አይገባም። ቀለበቱ ተቦርቡሮ ቢሆን ኖሮ ቶርኖ ቤት መሄድ ነበረበት።

አዲሱን ካርቦን ሲበይድ ሊዱ በተጠለፈችው ቀጭን ሽቦ ላይ እንዳይወጣ ተጠነቀቀ። ሊድ የጠጣች ሽቦ ትደርቃለች፤ ካርቦኑም በቤቱ ውስጥ እንደልቡ አይንሸራተትም። ብዙ ጊዜ «አዲስ ካርቦን ገብቶለት አልሠራም» የሚባለው በዚህ ይመስለናል። አንዳንዶቹ ዲናሞዎች ካርቦኖቹን ወደ ውስጥ ገፍቶ በጀርባ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ በማስገባት እንዲያዙ ያስፈልጋሉ፤ ከተገጠመ በኋላ ሽቦዋን መንቀል መርሳት የለም። ካርቦን መያዣውንና ሬጉሌተሩን የሚያስሩት ብሎኖች ኤሌክትሪክም ያስተላልፋሉና መነሻቸው መጽዳት አለበት። ፕላስቲክ ማገጃ ያለው ብሎን ማገጃው ከጠፋ ካርቦኑ ማሳ ይሆናል።

በእነዚህ ቶዮታዎች ሬጉሌተር ላይ የሚገቡት ሽቦዎች ሦስት ናቸው። አይጂ የተባለው ኳድሮ ሲከፈት ፕላስ ያመጣል፤ ኤስ የባትሪውን ቮልቴጅ ይለካል፤ ኤል በማስጠንቀቂያዋ አምፖል በኩል ይመጣል። ኤል ላይ አምፖሉ ተዘልሎ ፕላስ በቀጥታ ከተሰጠ አዲሱ ሬጉሌተር ወዲያው ይቃጠላል። በጣም ባረጁት ላንድክሩዘሮች ሬጉሌተሩ ከዲናሞው ውጪ፣ ባለ ስድስት ሽቦ ሣጥን ነው። የእርሱ ማሳ ዝገት ከያዘው ቮልቴጁ ያነሰ እየመሰለው ባትሪውን ከልክ በላይ ይሞላል። ባጃጅ ያላችሁ ግን ካርቦን አትፈልጉ፤ የእርሱ ማግኔት ቋሚ ነውና።

ጎረቤታችን በዚህ መሐል «ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ነቅለን ብናየውስ?» አለ። ይህ በየመንገዱ የሚታይ ፈተና ነው። ዲናሞው የሚሞላ ከሆነ ባትሪው በድንገት ሲነቀል ቮልቴጁ በቅጽበት ይዘልና ዳዮዶቹንና ሬጉሌተሩን ሊገድል ይችላል። ወጣቱ «ጋሼ፣ እሱን ተዉት» ብሎ ብቻ ሥራውን ቀጠለ።

ዲናሞው ተመልሶ ቺንጋው ሲወጠር፣ የፓምፑን የዘይት ቱቦ አጥብቆ ሞተሩን አስነሣና መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፍሬኑን ደጋግሞ ረገጠ። ቴስተሩ 14.2 አሳየ፤ መብራቱ ሁሉ በርቶም ከ13.9 አልወረደም። የተከፈለው የሁለት ካርቦን፣ የአንድ ጎማና የእጅ ዋጋ ነው።

የማስጠንቀቂያዋ መብራት ነገር ግን አልለቀቀንም። ዳሽቦርዱን ሲያወጣው አምፖሏ ተቃጥላ ተገኘች፤ ጎረቤታችንም ከዓመት በላይ ኳድሮ ሲከፍት እንዳላያት አመነ። አዲስ ተገባላት። ቁልፉ ሲከፈት በራች፣ ሞተሩ ሲነሣ ጠፋች። ሰውየው ደስ ብሎት ሦስት ጊዜ አጥፍቶ አስነሣው።