ፈረሶቻቸውን እንደ ዘመድ የቀበሩ ነገሥታት

ከካርቱም በስተ ሰሜን፣ በካሪማ ከተማ አቅራቢያ፣ ኤል ኩሩ የሚባል የኩሽ ነገሥታት መካነ መቃብር አለ። አሜሪካዊው የከርሰ ምድር ተመራማሪ ጆርጅ ራይስነር እ.ኤ.አ. በ1919 ቦታውን ሲቆፍር ከነገሥታቱና ከንግሥቶቹ ሌላ የ24 ፈረሶች መቃብር አገኘ። ሁለት ውሾችም እዚያው ተቀብረዋል።

ፈረሶቹ በ4 ረድፍ ነው ያረፉት፤ የፒዬ 4፣ የሻባካ 8፣ የሸቢትኩ 8፣ የታኑታማኒ 4። አራቱም የአንድ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ናቸው፤ መጽሐፍ ቅዱስ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሚለው ቲርሃቅም ከዚሁ ቤት ነው። ንጉሥ ሲሞት ፈረሶቹ ይሠዉና እንደ ቆሙ በየጉድጓዳቸው ይቀበሩ ነበር፤ አንገታቸው በጨሌና በዛጎል፣ ራሳቸው በላባ አጊጦ።

ፒዬ በ8ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ግብፅን ድል ሲያደርግ ያስቀረጸው ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1862 ጀበል ባርካል በተባለው ተራራ ግርጌ ተገኝቷል። ጽሑፉ እንደሚለው፣ ንጉሡ ከግብፅ ገዥዎች አንዱ የነበረውን የኔምሎትን ከተማ እጅ አሰጥቶ ሲገባ ለቀረቡለት ሴቶች ፊቱን አልሰጠም። ወደ ኔምሎት የፈረስ ጋጣ አቀና። በከበባው ወቅት ፈረሶቹ መራባቸውን ባየ ጊዜ ግን ከኔምሎት በደል ሁሉ ይህ እንደከበደው ተናገረ። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እየተባለ መሪ በፈረስ ስሙ ለተጠራበት አገር ሰው ይህ ቁጣ እንግዳ አይሆንበትም።

የኩሽ ፈረስ ዝናው ከአባይ ሸለቆ አልፎ ነበር። ከነነዌ የተገኙ የአሦር ቤተ መንግሥት መዛግብት የኩሽ ፈረሶችን ለይተው ይቆጥራሉ፤ የሚፈለጉትም ሠረገላ ለመሳብ ነበር። ሠረገላ የጦር ሜዳ ኃይል በሆነበት ዘመን ጥሩ ፈረስ የሚያረባ ቤት ከኃያላን ጋር እኩል ይቀመጣል። ለዚህ ነው ፈረስ እርባታን ከኩሽ መንግሥት ታላቅነት ምሰሶዎች አንዱ አድርጌ የምቆጥረው።

ከኤል ኩሩ የወጣው ቅርስ ለቦስተንና ለካርቱም ተከፍሏል። ኤል ኩሩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2003 ከጀበል ባርካል ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በካርቱም የሚገኘው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ግን እ.ኤ.አ. በ2023 በተቀሰቀሰው ጦርነት ተዘርፏል። ሱዳን ጎረቤታችን ናት፤ የተዘረፈ ቅርስም ድንበር ይሻገራል። ከዚያ የወጣ የሚመስል ጥንታዊ ዕቃ ለሽያጭ ቢቀርብልዎ አይግዙ፤ ለቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቁ።