ፍጥሞን በአንድ ቀን፦ ከጉብኝት ወደ መሳለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዮሐንስን ራእይ የሚያነብ ክርስቲያን ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ የአንዲት ደሴት ስም ያገኛል። ሐዋርያው የእግዚአብሔርን ቃል ስለ ሰበከና ስለ ጌታችን ስለ መሰከረ በፍጥሞ ደሴት እንደ ነበረ ይነግረናል (ራእ. 1፥9)። ይህች ደሴት ዛሬም በዚያው ስሟ የምትጠራ የግሪክ ደሴት ናት። በአውሮፓና በሌሎች አህጉራት የሚኖሩ ምእመናን ወደ ግሪክ በሚሄዱበት ጊዜ አጠገቧ ካሉት ደሴቶች በመነሣት፣ ወይም በትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች በማለፍ፣ በግል አስጎብኚ እየተመሩ በአንድ ቀን ሊያዩዋት ይችላሉ። ሆኖም አንድ ቀን አጭር ነው። አስቀድሞ ያልተዘጋጀ ሰው ባሕሩንና ነጫጭ ቤቶቹን አይቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ የመጣበትን ዋና ነገር ሳያገኝ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ደሴቲቱ ምን እንደ ሆነች፣ ቀኑን እንዴት መጠቀም እንደሚገባና ምን ይዘን መመለስ እንዳለብን በአጭሩ እንመለከታለን።

ፍጥሞ የት ናት?

ፍጥሞ በኤጅያን ባሕር ውስጥ፣ ዶዴካኔዝ ከሚባሉት የግሪክ ደሴቶች አንዷ ናት። ስፋቷ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የነዋሪዎቿ ቍጥር ወደ 3,000 ይጠጋል። የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ የሚደረስባት በባሕር ብቻ ነው። ከአቴና ወደብ ከጲሬዎስ የሚነሣ መርከብ ሰባት ስምንት ሰዓት ስለሚፈጅበት፣ በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ የሚያስብ ሰው እንደ ቆስ፣ ሌሮስና ሳሞስ ካሉት ጎረቤት ደሴቶች መነሣት ይኖርበታል።

ደሴቲቱ ድንጋያማና ባሕረ ሰላጤ የበዛባት ናት። በሮማውያን ዘመን ደሴቶች የግዞት ቦታ ይሆኑ ነበር። ቅዱስ ዮሐንስም በንጉሠ ነገሥቱ በድምጥያኖስ ዘመን (81–96 እ.ኤ.አ.) ወደዚህች ደሴት እንደ ተጋዘ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ያስረዳል። ቅዱስ ሄሬኔዎስም ራእዩ የታየው በድምጥያኖስ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ አካባቢ መሆኑን መስክሯል። ከደሴቲቱ በስተ ምሥራቅ ባሕሩን ተሻግሮ የዛሬዋ ቱርክ ጠረፍ ይገኛል፤ ደብዳቤ የተጻፈላቸው ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ማለትም ኤፌሶን፣ ሰምርኔስ፣ ጴርጋሞን፣ ትያጥሮን፣ ሰርዴስ፣ ፊልድልፍያና ሎዶቅያ የነበሩት በዚያ ምድር ነው። ሐዋርያው ይጠብቃቸው ከነበሩት ምእመናን የለየው ያ ባሕር ነበር። ይህን ልብ ያለ ሰው፣ ቅዱስ ዮሐንስ አዲሱን ሰማይና አዲሱን ምድር ባየ ጊዜ ባሕር ከእንግዲህ እንደማይኖር መጻፉን (ራእ. 21፥1) በሌላ ዐይን ያነበዋል።

የግል አስጎብኚ ምን ይጠቅማል?

በብዙ ሰው መካከል በአንድ አውቶቡስ የሚሄድ ተጓዥ ሰዓቱ የእርሱ አይደለም። በዋሻው ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ለሚቀጥለው ቡድን ቦታ መልቀቅ ግድ ይሆንበታል። አንድ ቤተሰብ ወይም ጥቂት ምእመናን በአንድነት የግል አስጎብኚ ሲይዙ ግን የጉዞውን ቅደም ተከተል ራሳቸው መወሰን ይችላሉ። በግሪክ አስጎብኚነት በትምህርትና በፈቃድ የሚሠራ ሙያ በመሆኑ የታሪኩንና የሥነ ሕንፃውን ነገር በሚገባ ያስረዳሉ።

ነገር ግን ከአስጎብኚው የሚጠበቀውንና የማይጠበቀውን መለየት ይገባል። አስጎብኚ ታሪክ ይነግረናል፤ ጸሎቱን ግን እርሱ ሊጸልይልን አይችልም። በመሆኑም ገለጻው ከዋሻው ውጭ እንዲያልቅና ውስጥ ሲገቡ ዝምታ እንዲሆን አስቀድሞ መነጋገር መልካም ነው። ከተጓዦቹም አንዱ ገለጻውን ለአረጋውያንና ለሕፃናት በአማርኛ ለማስረዳት ቢዘጋጅ ሁሉም ተጠቃሚ ይሆናሉ። ዋሻውና ገዳሙ ቀኑን ሙሉ ክፍት ስለማይሆኑ፣ በተለይም ከቀትር በኋላ የሚዘጉባቸው ቀናት ስላሉ፣ ሰዓቱን አስቀድሞ መጠየቅና ጠዋት መጀመር ያስፈልጋል። ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ ግዴታ ነው፤ ነጠላውን ይዞ የሄደ ምእመን በዚህ አይቸገርም።

መጀመሪያ ወደ ዋሻው

መርከብ የሚያርፍበት ወደብ ስካላ ይባላል። በዚያ አቅራቢያ ቅዱስ ዮሐንስ የደሴቲቱን ሰዎች ያጠመቀበት ነው እየተባለ በትውፊት የሚታወቅ ቦታ አለ። ከወደቡ ተነሥቶ ወደ ተራራው የሚወጣው መንገድ አጋማሽ ላይ የራእዩ ዋሻ ይገኛል። መኪና ይደርሳል፤ ጉልበት ያለው ግን በድንጋይ በተነጠፈው ጥንታዊ የእግር መንገድ መውጣት ይችላል።

በዋሻው ላይ በእመቤታችን እናት በቅድስት ሐና ስም ቤተ ክርስቲያን ተሠርቷል። ወደ ዋሻው የሚወረደው በደረጃ ነው። ውስጡ ጠባብና ዝቅ ያለ ዐለት ነው። በጣሪያው ላይ በሦስት የተከፈለ ስንጥቅ ይታያል፤ የደሴቲቱ አባቶች የቅድስት ሥላሴ ምሳሌ አድርገው ያስተምሩበታል። ሐዋርያው ራሱን ያሳርፍበት ነበር የሚባለው ጎድጓዳ ስፍራ በብር ተከብቧል፤ ሲነሣ እጁን የሚያስደግፍበት ነው የሚባል ሌላ ጎድጓዳም አለ። ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ ቆሞ የሚሰማውን ይጽፍበት ነበር የሚባለው ዐለትም በዚያው ይታያል።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ቦታ ስንቆም እንግዶች ብቻ አይደለንም። ግሪኮች ቦታውን የ«አፖካሊፕሲስ» ማለትም የመገለጥ ዋሻ ይሉታል። ቤተ ክርስቲያናችን ሐዋርያውን «ዮሐንስ አቡቀለምሲስ» እያለች የምትጠራው በዚሁ ቃል ነው፤ ቃሉ ከግሪክ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ የገባ ነው። እነርሱ «ቴዎሎጎስ» ሲሉት እኛ «ነባቤ መለኮት» እንለዋለን። በቀራንዮ የጌታውን መከራ ካየ በኋላ ፊቱ በኀዘን የተቋጠረ ስለ ነበር ደግሞ «ቍጹረ ገጽ» ይባላል። ጌታ ይወደው ስለ ነበርም «ፍቁረ እግዚእ» እንለዋለን። በልጅነታችን በየቅዳሴውና በየስብከቱ የሰማናቸው ስሞች እዚህ ዐለት ሥር ሲታወሱ ትርጕማቸው ይጠልቃል።

ከዋሻው ወደ ገዳሙ

ከዋሻው በላይ፣ በተራራው ራስ ላይ፣ ኾራ የምትባለው ከተማና በመካከሏ እንደ ምሽግ የቆመው የቅዱስ ዮሐንስ ነባቤ መለኮት ገዳም ይገኛሉ። ገዳሙን በ1088 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ክርስቶዱሎስ የተባለ መነኵሴ ነው፤ ስሙ በእኛ ቋንቋ «ገብረ ክርስቶስ» ማለት ነው። የቊስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት አሌክስዮስ ቀዳማዊ ኮምኔኖስ ደሴቲቱን በወርቅ ማኅተም በታተመ ደብዳቤ ሰጥቶት ነበር፤ ደብዳቤው እስከ ዛሬ በገዳሙ ተጠብቋል። ረጃጅሞቹ ግንቦች የተሠሩት በዚያ ዘመን ባሕሩን ያስጨንቁ የነበሩትን የባሕር ወንበዴዎች ለመከላከል ነው። የመሥራቹ ዐፅምም በዚያው ዐርፏል።

ከገዳሙ ሀብቶች ሁሉ የሚበልጠው የመጻሕፍት ቤቱ ነው። በዚያ ካሉት የብራና መጻሕፍት መካከል በስድስተኛው መቶ ዓመት በሐምራዊ ብራና ላይ በብር ቀለም ከተጻፈ ወንጌል የተረፉ 33 ቅጠሎች ይገኛሉ፤ የያዙትም የማርቆስን ወንጌል ክፍል ነው። የዚያው መጽሐፍ አብዛኛው ቅጠል ዛሬ ያለው በሩሲያ፣ በሴንት ፒተርስበርግ ነው። የአባ ገሪማን ወንጌላት ታሪክ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ፣ መነኰሳት በችግር ዘመን ሁሉ መጽሐፍን እንደ ሕይወታቸው እየጠበቁ ማቆየታቸው ምን ማለት እንደ ሆነ ወዲያው ይረዳዋል። የትምህርቱ ነገር በመጻሕፍት ቤቱ ብቻ አልቀረም፤ በ1713 እ.ኤ.አ. በደሴቲቱ የተከፈተው ትምህርት ቤት በቱርኮች አገዛዝ ዘመን ለግሪኮች ብዙ ሊቃውንትን አፍርቷል። ገዳሙ፣ ዋሻውና ኾራ በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ልናስተውለው የሚገባ

ገዳሙ በቊስጥንጥንያ ፓትርያርክ ሥር የሚተዳደር ነው። እንደሚታወቀው ይህች ቤተ ክርስቲያን በ451 እ.ኤ.አ. የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ የተቀበለች በመሆኗ ከእኛ ጋር የቅዱስ ቍርባን አንድነት የላትም። ስለዚህ ምእመናን ቦታውን መሳለም፣ ጧፍ ማብራትና መጸለይ ይችላሉ፤ ቅዳሴ ቢያጋጥማቸው ግን ከምሥጢራት መካፈል አይገባም። ከጉዞው በፊት ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ከብዙ መደነጋገር ያድናል። በዚያ ያሉትን አባቶች በአክብሮት መቅረብና የገዳሙን ሥርዓት መጠበቅም የክርስቲያን ወግ ነው።

ቀን ለመምረጥ ዕድል ያለው፣ ደሴቲቱ የሐዋርያውን በዓል በመስከረም 16 (ሴፕቴምበር 26) እና በሚያዝያ 30 (ሜይ 8) በድምቀት እንደምታከብር ይወቅ። እኛ ደግሞ ጥር 4 ቀን እናስበዋለን። የትንሣኤ በዓላችን ከግሪኮች ጋር በአንድ ቀን ስለሚውል ጸሎተ ሐሙስም አንድ ነው፤ በዚያ ዕለት በኾራ አደባባይ የገዳሙ አበምኔት የዐሥራ ሁለት መነኰሳትን እግር ያጥባል።

ከፍጥሞ ምን እንያዝ?

ጉዞው በዋሻው ፎቶግራፍ ማለቅ የለበትም፤ ደግሞም በውስጡ ፎቶግራፍ ማንሣት አይፈቀድም። ከመሄዳችን በፊት የራእይን መጽሐፍ፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች አንብበን እንሂድ። በዚያም አንድ ነገር እናስተውል፤ ራእዩ የታየው በጌታ ቀን፣ በዕለተ ሰንበት ነው (ራእ. 1፥10)። ሐዋርያው ከሕዝቡ ተለይቶ፣ ካነጻቸው አብያተ ክርስቲያናት ርቆ፣ በሰው ፈቃድ ታስሮ ነበር፤ ሰንበትን ግን አልረሳም። ጌታውም አልረሳውም።

ይህ ቃል በተለይ በስደት ለሚኖሩ ወገኖቻችን ነው። በእሑድ ሥራ የሚገቡ አሉ። በዐረብ አገር በሰው ቤት እየሠሩ ቤተ ክርስቲያን ሳያዩ ወራት የሚያልፍባቸው እኅቶች አሉ። ቅዳሴውን በስልክ እየሰሙ የሚያለቅሱ እናቶች አሉ። እነርሱ ፍጥሞን ለማየት መርከብ መሳፈር አያስፈልጋቸውም፤ ያሉበት ቦታ ፍጥሞ ነው። ለግዞተኛው ዮሐንስ በዐለት ሥር ሰማይን የከፈተለት አምላክ በዚያች ጠባብ ክፍል የሚቀርበውንም ጸሎት ይሰማል። ሄዶ የሚሳለም ሰው እነርሱን በጸሎቱ ቢያስብ የአንድ ቀን ጉብኝቱ በእውነት መንፈሳዊ ጉዞ ይሆንለታል።

የወንጌላዊው የቅዱስ ዮሐንስ ረድኤትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።