አዞን በሕግ ማደንና የዱር አራዊት ጥበቃ

ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ የጎጃምን ደጋ ትቶ ወደ አባይ በረሓ ይወርዳል። በዚያ ቈላ የሚኖር ሰው ስለ ወንዙ ሲናገር አዞን ሳያነሣ አያልፍም። ድልድይ ሳይሠራ በፊት ወንዙን ይሻገር የነበረው ነጋዴ ከባልንጀሮቹ ጋር እየጮኸ ነበር የሚገባው፤ በበጋ ከብቱን ውኃ የሚያወርድ እረኛም እስከ ዛሬ ይጠነቀቃል። እንዲህ ያለውን ሰው «አዞ ሊጠበቅ ይገባል» ቢሉት ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ይልቁንም «ለጥበቃው አንዱ መንገድ አደን ነው» ቢሉት ነገሩ የባሰ ግራ ያጋባዋል። ስለዚህ ይህ አባባል በምን ላይ እንደ ተመሠረተ በአጭሩ እንመርምር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

በአገራችን ወንዞችና ሐይቆች የሚኖረው የናይል አዞ ነው። እንስቲቱ በውኃ ዳር አሸዋ ቈፍራ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ዕንቍላል ትጥላለች፤ ሦስት ወር ያህልም ጐጆዋን ትጠብቃለች። ይሁን እንጂ ከዕንቍላሉ ብዙውን አርጃኖ ይበላዋል፥ ጐርፍም ይወስደዋል፤ ጫጩቱንም ወፍና ትልልቅ ዓሣ ይለቅመዋል። ከመቶው ለመውለድ የሚደርሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። እንግዲህ ያደገችን እናት መግደልና ዕንቍላል ማንሣት እኩል ጉዳት አያደርሱም። የፊተኛው የብዙ ዓመት ዘር ያቋርጣል፤ የኋለኛው ግን በልክ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሊጠፋ የነበረውን መውሰድ ነው። የአዞ አጠቃቀም ሥርዓት የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ሥርዓት በሌለበት ጊዜ የሆነው ይታወቃል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአዞ ቈዳ ለቦርሳና ለጫማ በብርቱ ስለ ተፈለገ፥ አዳኞች በአፍሪቃ ውኃዎች ላይ ሌሊት መብራት ይዘው እየዞሩ የአዞው ዓይን ሲያበራ ይተኵሱ ነበር። ሂው ኮት የተባሉት እንግሊዛዊ የእንስሳት ሊቅ ስለ ኡጋንዳና ስለ ሰሜን ሮዴሺያ (ስለ ዛሬይቱ ዛምቢያ) አዞዎች በ1961 ያሳተሙት ጥናት ጥፋቱን በማስረጃ ገልጿል።

የአዞ ዘመድ የሆነው የአሜሪቃ አሊጌተርም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም ነበር። የሉዊዚያና ግዛት በ1962 አደኑን ፈጽማ ከለከለች፤ በ1967ም አሊጌተር በመጥፋት ላይ ካሉት እንስሳት መዝገብ ገባ። ቍጥሩ ሲያገግም ግን በ1972 አደኑ በአንድ አውራጃ ብቻ እንደገና ተፈቀደ። ሥርዓቱ ይህን ይመስላል። አስቀድሞ እንስሳውና ረግረጉ ይለካል፤ በልኩ መጠን ለባለመሬቱና ለአዳኙ ቍጥር ያለው ምልክት ይሰጣል፤ ምልክቱ በእንስሳው ጅራት ላይ ታስሮ እስከ ቈዳ ፋብሪካ ድረስ ይዘልቃል። ምልክት የሌለው ቈዳ አይሸጥም። የአደኑ ወራት መስከረም የሆነውም፥ እናቶቹ በዚያን ጊዜ በረግረጉ ውስጥ በጐጆአቸው አጠገብ ስለሚሆኑ፥ በሰፊው ውኃ ላይ የሚያዙት አብዛኞቹ ወንዶች እንዲሆኑ ነው። ባለመሬቱም ረግረጉን አድርቆ ከማረስ ይልቅ እንዳለ መጠበቁ እንደሚጠቅመው አየ። በ1987 አሊጌተር ከጥፋት መዳኑ በይፋ ተገለጸ።

በአገራችን በ1984 በአርባ ምንጭ፥ በአባያ ሐይቅ ዳር፥ የአዞ ማርቢያ ጣቢያ ተቋቋመ። ዕንቍላሉና ጫጩቱ ከጫሞ ሐይቅ ዳርቻ ይሰበሰባል፤ በገንዳ ያድግና ቈዳው ለውጭ ገበያ ይቀርባል። ኢትዮጵያ በ1989 ሳይትስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ገብታለች። የአገራችንም አዞ፥ ንግዱ ፈጽሞ ከተከለከለበት ከአንደኛው ዝርዝር ሳይሆን፥ በቍጥጥር ከሚፈቀድበት ከሁለተኛው ዝርዝር ይገኛል። በ2007 የታወጀው ሕግም ስሙ ራሱ የዱር እንስሳት «ልማት፥ ጥበቃና አጠቃቀም» የሚል ነው፤ ጥበቃንና ጥቅምን በአንድነት ማየቱ ነው።

ነገር ግን ሥርዓቱ ያለ ሦስት ነገር አይቆምም፤ እነርሱም ቈጠራ፥ ቍጥጥርና የጥቅም ድርሻ ናቸው። ቈጠራው የሚደረገው የቀድሞ አዳኞች ይጠቀሙበት በነበረው ዘዴ ነው፤ ሌሊት በመብራት የሚያበሩትን ዓይኖች መቍጠር ነው። ያለ ቈጠራ የሚሰጥ ፈቃድ በጨለማ ከመተኰስ አይሻልም። ቍጥጥሩ ከላላ ደግሞ በድብቅ የተገደለው አዞ ቈዳ ከሕጋዊው ጋር ተደባልቆ ይሸጣል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። አዞ ጥጃውን የበላበት እረኛና መረቡን የቀደደበት ዓሣ አጥማጅ ከቈዳው ዋጋ ምንም ካልደረሳቸው፥ ለእነርሱ አዞው ጉዳት ብቻ ነው። ጐጆ ባዩ ጊዜ ዕንቍላሉን ቢሰብሩ ልንፈርድባቸው አይገባም።

የአባይ ነገርም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በጉባ በተሠራውና በ2025 በተመረቀው በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ምክንያት ሰፊው ንጋት ሐይቅ ተፈጥሯል። ሰው ለዓሣም ለመጓጓዣም ወደዚህ ውኃ በቀረበ መጠን፥ ከአዞ ጋር የሚገናኝበት ስፍራ ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ በሸለቆው አደን ይፈቀድ ወይስ ይከልከል ብሎ ከመከራከር በፊት፥ አዞውን መቍጠርና በወንዙ ዳር የሚኖረውን ሕዝብ ጠይቆ ጉዳቱን መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ለተማሪዎችና ለመምህራን የሚስማማ ጥናት ነው። የቡሬ ቈላ እረኛ «አዞ ይጠበቅ» ሲባል ቀልድ መስሎ እንዳይታየው ከተፈለገ፥ በመጀመሪያ የሱ ቃል በጥናቱ ውስጥ ይግባ።